አራት ጊዜ የተለጠፈው ስፖኪዮ

ከአጋሮ ስንመለስ ነው የወደቀው። አጎቴ ይነዳል፣ እኔ ጎኑ ተቀምጫለሁ፣ ከኋላ አንድ ጀሪካን ማር ጭነናል። ጅማ ልንገባ ትንሽ ሲቀረን፣ ማንም ሳይነካው፣ የውስጡ ስፖኪዮ ከፊት መስታወቱ ተላቀቀ። መጀመሪያ ማርሹን መታ፣ ከዚያ ተንሸራቶ አጎቴ እግር ስር ገባ። እግሩ ስር ማለት ፍሬኑ አጠገብ ማለት ነው። አጎቴ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል «አንሳው! ቶሎ አንሳው!» አለኝ። ጎንበስ ብዬ በእጄ ስዳስስ አንድ ባጃጅ ድንገት ከፊታችን ታጠፈ። አጎቴ ፍሬን ያዘ። ስፖኪዮው ያኔ እጄ ገብቶ ነበር። ከአንድ ሰከንድ በፊት ግን ፔዳሉ ስር ነበር።

ማንም አልተጎዳም፣ ተመስገን። ያቺ ሰከንድ ግን እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣችም። ይህን የምጽፈውም ለዚህ ነው። ብዙ ሰው የውስጥ ስፖኪዮ ሲወድቅበት «ኮላ ገዝቼ እለጥፈዋለሁ» ብሎ እንደ ቀላል ነገር ያልፈዋል። እኛም እንደዚያው ነበርን። ከዚያ ቀን በኋላ አራት ጊዜ ለጥፈነዋል፣ ሦስቱ አልሆነም፣ በየጊዜውም ጥፋቱን ኮላው ላይ ስናላክክ ነበር። ኮላው ብቻ አልነበረም።

መጀመሪያ ዕቃው እንዴት እንደሚያዝ ልንገራችሁ። አንዳንድ መኪና ላይ የውስጥ ስፖኪዮ ጣሪያው ላይ በብሎን ይታሰራል። የእኛ መስታወቱ ላይ ነው። መስታወቱ ላይ የሚለጠፈው ግን ስፖኪዮው ራሱ አይደለም። የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ትንሽ ብረት አለች፣ የምትለጠፈው እሷ ናት። የስፖኪዮው እግር ከላይ ወደ ታች እሷ ላይ ተንሸራቶ ይቀመጣል፣ ከዚያ በአንዲት ትንሽ ብሎን ይጠብቃል። ስለዚህ የስፖኪዮውን ክብደት፣ የመንገዱን መንገጫገጭ፣ የእጃችንን ግፊት፣ ሁሉንም የምትሸከመው ያቺ ጥፍር የምታክል ቦታ ናት።

የእኛ ችግር የጀመረው አምና ነው። ከፊታችን ይሄድ የነበረ የጭነት መኪና ጠጠር አስፈንጥሮ የፊት መስታወቱ ተሰነጠቀ፣ መቀየር ግድ ሆነ። የቀየሩት ሰዎች ብረቷን ከአሮጌው መስታወት ነቅለው አዲሱ ላይ ለጠፏት። እንዴት እንደለጠፏት ያወቅነው ከወደቀ በኋላ ነው። ብረቷን ገልብጬ ሳያት ጀርባዋ ላይ ሁለት ዓይነት ኮላ አለ። ከሥር ቢጫ የከረመ፣ ከላዩ ነጭ ስስ። አሮጌው ሳይፋቅ አዲስ ተደርቦበታል። መስታወቱ ላይ ደግሞ ምንም የቀረ ኮላ የለም፣ እንደተወለወለ ንጹሕ ነው። ይህ ምልክት እንደሆነ ያኔ አልገባኝም። ኮላው ከብረቷ ጋር አልተላቀቀም። ከመስታወቱ ጋር ነው መጀመሪያውኑ ያልተያያዘው።

የመጀመሪያው ሙከራ የእኔ ነበር። ከሰፈር ሱቅ ሱፐር ግሉ ገዛሁ፣ ብረቷን በሸሚዜ ጫፍ ጠረግ አድርጌ፣ ሦስት ጠብታ አንጠባጥቤ ለጠፍኳት። በደቂቃ ውስጥ ያዘ። ብጎትታት አልነቃነቅ አለች። አጎቴም «ጎበዝ!» አለኝ። አራት ቀን ቆየ። በአምስተኛው ቀን መርካቶ፣ የራሳችንን የጅማውን መርካቶ ማለቴ ነው፣ መኪናዋን ቀትር ፀሐይ ላይ አቁመን ዕቃ ገዝተን ስንመለስ ስፖኪዮው ወንበር ላይ ተኝቷል።

ሱፐር ግሉ መጥፎ ኮላ ሆኖ አይደለም። ሥራው ሌላ ነው። ሲደርቅ ድርቅ ያለ፣ ተሰባሪ ይሆናል። ሲመታና ሲንቀጠቀጥ መለጠጥ አይችልም። እርጥበትና ሙቀት ሲፈራረቁበትም አቅሙ ይደክማል። ፀሐይ ላይ የቆመች መኪና ዳሽቦርዷ ከ60 ዲግሪ በላይ መድረሱ የተለመደ ነው፣ መስታወቱም አብሮ ይግላል። ብረት ሲግል ከመስታወት ይበልጥ ይለጠጣል፣ ማታ ሲቀዘቅዝ ይበልጥ ይሰበሰባል። መሃል ላይ ያለው ኮላ በየቀኑ በሁለት ወገን ይጎተታል ማለት ነው። ጅማ ደግሞ ጠዋቱ ቀዝቃዛ፣ ቀትሩ ፀሐይ፣ ከሰዓቱ ዝናብ የሚሆንበት ቀን ብዙ ነው። በዚያ ላይ የሰፈራችን ኮብልስቶን አለ።

ሁለተኛውን አንድ ጋራዥ ሠራልን። ልጁ ትሑት ነው፣ ሥራም ይወዳል። ጥቁር ሲሊኮን ብረቷ ላይ ሞላ አድርጎ ለጠፈና በፕላስተር አሰረው። «ፋዘር፣ እስከ ነገ እንዳትነኩት» አለ። እኛም አልነካነውም። ሲሊኮን ግን ሲደርቅ እንደ ጎማ ይለሰልሳል። ስፖኪዮው ያዘ፣ ሞተሩ ሲነሳ ግን ይንቀጠቀጣል። ከኋላ ያለ መኪና አንድ ሳይሆን ሦስት ሆኖ ይታያል። አጎቴ ማታ መንዳት ተወ። በሁለተኛው ሳምንት ብረቷ ከነስፖኪዮው ቀስ በቀስ ወደ ታች ስትንሸራተት አየናት። ሳይወድቅ ራሴ ነቀልኩት፣ እንደ ማስቲካ እየተሳበ ወጣ።

እዚህ ላይ አንድ ሰው «የጎኖቹ ስፖኪዮዎች አሉ አይደል?» ሊለኝ ይችላል። ጎረቤታችንም ያለን ይህንኑ ነው። የጎን ስፖኪዮ፣ በተለይ የተሳፋሪው በኩል ያለው፣ ብዙ ጊዜ ትንሽ ጎበጥ ያለ ነው፤ ሰፊ ቦታ ያሳያል፣ ግን ነገሩን ከእውነቱ ያርቀዋል። የውስጡ ልሙጥ ነው፣ ርቀቱን እንዳለ ያሳያል። የሞተር ሳይክልና የባጃጅ ብዛት ባለበት ከተማ ከኋላህ ያለው ነገር አምስት ሜትር ላይ ይሁን አሥራ አምስት ሜትር ላይ ማወቅ ትልቅ ነገር ነው። አጎቴ በእነዚያ ሳምንታት ፍሬን ከመያዙ በፊት አንገቱን ሙሉ በሙሉ ወደ ኋላ ያዞር ነበር። 63 ዓመቱ ነው። ማታ አንገቱን እያሸ ሲገባ እያየሁ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ሦስተኛው ሙከራ እንደገና የእኔ ነው። አሁን ጠይቄ፣ አንብቤ መጣሁ። ሁለት ቱቦ ተቀላቅሎ የሚሠራውን ኢፖክሲ ገዛሁ። መስታወቱን ፋቅኩ፣ ብረቷን በብርጭቆ ወረቀት አሸሁ፣ እኩል በእኩል ቀላቅዬ ለጠፍኩና አንድ ሙሉ ቀን ጠበቅኩ። በማግሥቱ ስፖኪዮውን ስሰካው እስከ መጨረሻ አልወርድ አለ። አጋማሽ ላይ ቆመ። ገፋ አደረግኩት፣ አልሄደም። «ብሎኗ ትይዘዋለች» ብዬ አጠበቅኩት። ሦስት ቀን ያዘ። ከዚያ ኮብልስቶኑ ላይ ስንወርድ ስፖኪዮው ብቻውን ወልቆ ጭኔ ላይ ወደቀ። ብረቷ ግን መስታወቱ ላይ ናት፣ ንቅንቅ የለም።

ያኔ ነው ቁጭ ብዬ በደንብ ያየኋት። ብረቷ አራት ማዕዘን ትመስላለች እንጂ አይደለችም። አንዱ ጫፏ ጠበብ፣ ሌላው ሰፋ ይላል። ልዩነቱ ከአንድ ሁለት ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ጠባቡ ወደ ላይ ነው መሆን ያለበት፣ የስፖኪዮው እግር ከላይ ሲወርድባት እየጠበበ ሄዶ ራሱ እንዲቆልፍ። እኔ ገልብጬ ለጥፌያታለሁ። በአንዲት ብሎን ጫፍ ብቻ ተንጠልጥሎ ነበር ሦስት ቀን የነዳነው። ፊቷም ቢሆን ሁለት ነው፣ ልሙጡ ወደ መስታወቱ፣ ጠርዙ የተሸረፈው ወደ እኛ። እሱንስ አላበላሸሁትም።

የተገለበጠች ብረት በጠንካራ ኢፖክሲ ተለጥፋለች። አሁን ማንሳቱ ነው የከበደው። ፒንሳ ይዤ ልጀምር ስል አጎቴ እጄን ያዘኝ። «ተው የኔ ልጅ፣ መስታወቱን ከሰበርነው ሌላ ጣጣ ነው። የሚያውቅ ሰው እንጠይቅ።» እውነቱን ነበር። ፈረንጅ አራዳ በኩል የመኪና መስታወት በመግጠም ረጅም ዘመን የኖሩ አንድ አዛውንት አሉ፣ ወደ እሳቸው ሄድን።

አዛውንቱ ብረቷን አላዩም፣ መጀመሪያ የተቀበሉት ስፖኪዮውን ነው። አንገቱን ይዘው መስታወቱን ለማዞር ሞከሩ። አልዞር አለ። ጠንከር አድርገው ሲይዙት ክርክር ብሎ ትንሽ ተንቀሳቀሰ። ወደ አጎቴ ዞረው «መኪናዋን ስንት ሰው ነው የሚነዳት?» አሉ። «እኔና የእህቴ ልጅ፣ የዚህ እህት» አለ አጎቴ። አጎቴ ረጅም ነው፣ እህቴ አጭር ናት። አንዱ በገባ ቁጥር ስፖኪዮውን ይጎትታል፣ ሌላው ሲመጣ ይገፋል።

«በል እይ» አሉኝ። «አንገቱ ደርቋል። እናንተ የምታዞሩት ስፖኪዮውን አይደለም፣ ብረቷን ነው የምትፈነቅሉት። በቀን ሦስት አራት ጊዜ። ምን ኮላ ይችለዋል?»

ይህን ማንም አላሰበውም ነበር። ሦስት ሰው ለጥፎት ሦስቱም መስታወቱንና ኮላውን ነው ያየው። ስፖኪዮው ረጅም ነው፣ ዳሩን ይዘህ ስትስበው እንደ መፈንቅል ሆኖ ኃይሉ ተባዝቶ ብረቷ ላይ ያርፋል። በዚያ ላይ አጎቴ ሙስበሃውን፣ የጸሎት መቁጠሪያውን፣ እሱ ላይ ያንጠለጥላል። ክብደቱ ትንሽ ነው፣ ግን ቀኑን ሙሉ ይወዛወዛል።

አዛውንቱ አንገቱን በጨርቅ ጠቅልለው በሁለት እጃቸው ቀስ እያሉ ወዲህ ወዲያ አመላለሱት። ሩብ ሰዓት ፈጅቷል። «ዘይት ጠብ ብናደርግበትስ?» ብዬ ጠየቅኩ። አይሆንም አሉ፣ ዘይት ከገባበት በኋላ መንገድ ሲያንገጫግጨው ራሱን መሸከም አቅቶት ይዘቀዘቃል፣ ከዚያም አልፎ ወደ ኮላው ይሄዳል። በመጨረሻ በአንድ ጣት ሲገፋ የሚዞር፣ ሲለቁት የሚቆም ሆነ።

ብረቷን ለማንሳት የፀጉር ማድረቂያ አስመጡኝ። የእህቴን ይዤ ሄድኩ። ከውስጥ በኩል፣ አንድ ቦታ ሳያቆሙ፣ እያዟዟሩ አሥር ደቂቃ ያህል አሞቁት። ኢፖክሲ ሲሞቅ ይላላል። ቀዝቃዛ ውሃ እንዳይነካው አስጠነቀቁኝ፣ የጋለ መስታወት ላይ ቀዝቃዛ ነገር ከነካ መሰንጠቅ አለ። ከዚያ ብረቷን በፒንሳ ያዙና ወደ ጎን ጠምዘዝ አደረጓት። ወደ ራሳቸው አልሳቡም። ለምን እንደሆነ ለማሳየት ግድግዳ ጋ የተደገፈ አሮጌ የፊት መስታወት አሳዩኝ። ስፖኪዮ የነበረበት ቦታ ላይ የጥፍር ቅርጽ ያላት ጉድጓድ አለች፣ ጣቴን ሳሳርፍባት ጠርዟ ይሰማል። ብረቷ ተስባ ስትነቀል መስታወቱን ገምሳ ነው የሄደችው። የፊት መስታወት ሁለት ንጣፍ ነው፣ መሃሉ ላይ ስስ ፕላስቲክ አለ፣ ስለዚህ አልፈረሰም። ግን ተበላሽቷል። የእኛዋ በሦስተኛው ጥምዘዛ ተላቀቀች፣ መስታወቱ ደህና ነው።

«ለዚህ ሥራ የተሠራ ኮላ አለ» አሉን። የጠየቅኳቸው ሦስት የመለዋወጫ ሱቆች አልነበራቸውም። አዲስ አበባ ያለው የአክስቴ ልጅ ሶማሌ ተራ ገብቶ ገዛና በአውቶቡስ ላከልን። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ የመጣው ዕቃ መዳፍ አይሞላም። ውስጡ ሁለት ነገር ነው። አንዱ ቀድሞ የሚቀባ ፈሳሽ፣ ሁለተኛው ጥቂት ጠብታ ብቻ የያዘ የኮላ ቱቦ። ኮላው ለብቻው ቶሎ አይደርቅም። ያ ፈሳሽ ሲነካውና በብረቷና በመስታወቱ መሃል አየር ሲያጣ ነው የሚጠነክረው። ስለዚህ ወፍራም አድርጎ መቀባት ይጎዳል እንጂ አይጠቅምም። ሱፐር ግሉውን ሦስት ጠብታ ያደረግኩትን አስታወስኩ።

ሥራውን ቅዳሜ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ግቢያችን ውስጥ፣ ጥላ ሥር ጀመርን። በጠዋት ያልጀመርነው መስታወቱ እንዳይቀዘቅዝ ነው፤ ከኮላው ጋር የመጣው መመሪያ ወረቀት 21 ዲግሪ ገደማ ይላል። ጤዛም መድረቅ ነበረበት። መጀመሪያ ቦታውን ምልክት አደረግን። ከውጭ በኩል፣ ከውስጥ ሳይሆን። የመስታወቱን ስፋት በሜትር ለክተን መሃሉን ያዝን፣ አጎቴ ሹፌር ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ ስፖኪዮውን በእጄ ይዤ ከፍ ዝቅ እያደረግኩ የኋላውን መስታወት ሙሉ ሲያይ «እዚህ ጋ!» አለ። ከውጭ በፕላስተር ቁራጭ አራቱንም ጎን ከበብኩት። ውስጡን ብታጸዳ፣ ብትፍቅ፣ ምልክቱ አይጠፋም።

ከዚያ ማጽዳት ነው። ከሁሉም ይልቅ ጊዜ የወሰድንበት እዚህ ላይ ነው፣ ሁሉ ነገር ያለውም እዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። ቦታውን በሳሙና ውሃ አርሼ በአዲስ ምላጭ አጋድሜ ፋቅኩት። የኢፖክሲው ቅሪት እንደ ቅርፊት እየተላጠ ወጣ። መስታወቱ ንጹሕ መሰለ። አዛውንቱ ግን ነግረውኛል፣ ዓይን አይበቃም። ላቫጆ መኪና ሲታጠብ ዳሽቦርዱ እንዲያብረቀርቅ የሚነፉበት ነገር አለ። ብናኙ ወደ መስታወቱ ይሄዳል፣ ስስ ቅባት ሆኖ ይቀመጣል። ዓይን አያየውም፣ ኮላ ግን ያገኘዋል። በነጭ ጥጥ አልኮል ነክሬ ጠረግኩት። ጥጡ ግራጫ ሆኖ ወጣ። ሌላ ጥጥ፣ አሁንም ትንሽ ግራጫ። አምስተኛው ነው ነጭ ሆኖ የወጣው። የእጅ ሳኒታይዘር ለዚህ አይሆንም፣ እጅ እንዳይደርቅ የሚጨመርበት ቅባት ነገር አለው። ጥቁር ስቲከር ያስለጠፋችሁም ካላችሁ፣ ያንን ቦታ ቀድዳችሁ አንሱ። አለዚያ የምትለጥፉት ስቲከሩ ላይ ነው፣ ስቲከሩ ደግሞ ይዞ ይወርዳል።

ብረቷንም እንዲሁ። አሮጌው ኮላ በሙሉ እስኪጠፋና እርቃን ብረት እስኪታይ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት አሸሁ፣ በአልኮል ጠረግኩ፣ ከዚያ በኋላ ፊቷን በጣቴ አልነካሁም። የጣት ወዝ ይበቃታል። ጠባቡ ጫፍ የቱ እንደሆነ እንዳልስት ጎኗ ላይ በእስክሪብቶ ቀስት ሠራሁ።

ፈሳሹን ብረቷና መስታወቱ ላይ በስሱ ቀብተን እስኪደርቅ ጠበቅን። አንድ ጠብታ ኮላ ብረቷ መሃል ላይ አድርጌ፣ ቀስቱን ወደ ላይ አዙሬ፣ ምልክቱ ውስጥ ገፍቼ ያዝኩ። አንድ ደቂቃ ሙሉ። እጄን አላንቀሳቀስኩም፣ አጎቴ በሰዓቱ ይቆጥርልኛል። ስለቅ ጠርዟ ላይ ትንሽ እርጥብ ኮላ ወጥቶ ነበር። አልደረቀም ብዬ ደነገጥኩ። ግን የተፈጥሮው ነው፣ አየር ላይ የቀረው አይደርቅም። በጥጥ ጠረግኩት።

ከዚያ ወጥቼ ከውጭ በኩል አየኋት። ይህን እባካችሁ ሁላችሁም አድርጉ። ኮላው በደንብ ከተዳረሰ የብረቷ ፊት በመስታወቱ ውስጥ አንድ ዓይነት፣ ጠቆር ብሎ ነው የሚታየው። አየር የገባበት ቦታ ነጣ ብሎ እንደ ወተት ነጠብጣብ ይለያል። ሱፐር ግሉ ያደረግንበትን ጊዜ ፎቶ ስልኬ ላይ አለ፣ አሁን ሳየው ግማሽ በግማሽ ነጭ ነው። የአሁኗ ከዳር እስከ ዳር ጠቆር ያለች ናት።

ወረቀቱ ከ15 ደቂቃ በኋላ ስፖኪዮውን መስቀል ይቻላል ይላል። እኛ እስከ እሑድ ረፋድ ተውነው። መኪናዋ አልተነሳችም፣ በር በኃይል አልተዘጋም። አጎቴ እሑድ ጠዋት የሚሄድበት ነበረው፣ በባጃጅ ሄደ። እሑድ ስሰካው እስከ መጨረሻ ወረደ፣ ቁልፍ ብሎ ተቀመጠ። ብሎኗን በትንሿ ባለ ስድስት ጎን ቁልፍ በሁለት ጣት ብቻ አጠበቅኩ። እዚህ ላይ ጉልበት አያስፈልግም፣ ብሎኗ ከመጠን በላይ ስትጠብቅ ጫፏ ወደ መስታወቱ ትገፋለች፣ የፊት መስታወት በዚህ ይሰነጠቃል።

የሙስበሃው ነገር ትንሽ አከራከረን። «ጋሼ፣ ሌላ ቦታ ብናደርገውስ?» አልኩት። «ይኼ ምን ክብደት አለው?» አለ። አልመለስኩለትም። ስፖኪዮው ላይ አንጠልጥዬ የሰፈራችንን ኮብልስቶን አንድ ዙር ነዳሁ፣ እሱ ጎኔ ተቀምጦ ስፖኪዮው ሲርገፈገፍ አየ። ቤት ስንደርስ አውርዶ መሳቢያው ውስጥ አስቀመጠው።

ይህ ከሆነ ሰባት ወር አልፎታል። ክረምቱን በሙሉ አሳልፏል። ሁለት ጊዜ አዲስ አበባ ደርሰን ተመልሰናል፣ የግቤን ቁልቁለት ወርደን፣ ከታች ያለውን ያን ሙቀት አልፈን፣ እንደገና ዳገቱን ወጥተን። ለሁለተኛው ጉዞ እህቴ ነበረች የምትነዳው። ከመነሳቷ በፊት ወንበሯን አስጠግታ፣ በግራ እጇ የስፖኪዮውን አንገት ያዘች፣ በቀኝ እጇ መስታወቱን አዞረች። አጎቴ ከኋላ ወንበር ሆኖ እያያት ነበር። ከዚያ ወርዶ ወደ ፊት ዞረ፣ ከውጭ ሆኖ መስታወቱ ላይ አጎንብሶ ብረቷን አየና «ጠቆር እንዳለች ናት፣ እንሂድ» አለ።